ግንባሩ ላይ የጻፍኩት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ ሳትሰማው ሞተች። ለንስሐ አባቴ ትንሹንም ትልቁንም ኃጢአቴን ስዘረዝር ኖሬ፣ እዚህ ቦታ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፈው ነበር። እሳቸውም እግዚአብሔር ይፍታህ ብለው ያሰናብቱኛል። ያልተናገሩት ነገር እንዴት ይፈታል? አሁን አርጅቻለሁ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ብሩሽ ከያዝኩ ቆየሁ። እስክሪብቶ ግን ገና እይዛለሁ። ስለዚህ ለማላውቃችሁ ለእናንተ እናዘዛለሁ።

እኔ ተሾመ ጸሐፊ ነበርኩ። የቢሮ ጸሐፊ እንዳይመስላችሁ፤ የመኪና ጸሐፊ። ወደ አሰብ የሚወርደውም ከአሰብ የሚወጣውም የጭነት መኪና ኮምቦልቻ ላይ ያርፋል፣ ፍሬኑን ያስፈትሻል፣ ግንባሩ ላይ ቃል ያስጽፋል። ያን ቃል የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ኮምቦልቻ ከመኪና ጋር ያደገች ከተማ ናት። ጣሊያን መንገዱን ሲሠራ ጋራዥ ተከለ፤ ሲሄድ መፍቻውና ቋንቋው ቀረ። የኮምቦልቻ ሕፃን እማዬ ከማለቱ በፊት ካምቢዮ ይላል እያሉ ደሴዎች ይቀልዱብን ነበር። እኔም በሥራዬ እኮራ ነበር። የሰውን ግንባር የሚጽፈው ፈጣሪ ነው፣ የመኪናውን ግን እኔ ነኝ እያልኩ ስስቅ ሰዎች ያማትቡብኝ ነበር።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ «የመኪና ሠርግ» የምንለው ነገር ነበረን። ስሙን ያወጡት ሴቶቹ ናቸው፤ ባሎቻችን ለእኛ ሠርግ እንኳ እንዲህ አልተሽቀረቀሩም ብለው። ሾፌሮቹ መኪናቸውን ቦርከና ወንዝ አውርደው እስከ ቸርኬው ያጥባሉ፣ ጎማውን በተቃጠለ ዘይት ያጠቁራሉ፣ መስተዋቱ ላይ አደይ አበባ ያስራሉ። ከዚያ ሜዳው ላይ በረድፍ ያቆሟቸዋል፤ ሽማግሌዎች እየዞሩ ያያሉ፣ ሼሁም ቄሱም ይመርቃሉ። አንደኛ የወጣው መኪና ሌሎቹን አስከትሎ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣና ጥሩምባውን እየነፋ ደሴ ፒያሳ ይገባል። ደርግ ሲመጣ ሠርጉን አልከለከለውም፤ እንደ ቤቱና እንደ መሬቱ ወረሰው እንጂ። የተሽከርካሪ ትርኢት ተባለና ከአብዮቱ በዓል ጋር ተዳበለ። በሽማግሌዎቹ ወንበር ካድሬ ተቀመጠ፤ በአደዩ ቦታ ቀይ ጨርቅ ታሰረ። መኪኖቹ ግን ያው የእኛው መኪኖች ነበሩ።

ሙሄ የእኔ እኩያ ነበር። አባቱ የተዉለትን ሰማያዊ ጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪና ይነዳል። ከሐረጎ መታጠፊያዎች የትኛው ላይ ስንት ቁጥር ማርሽ እንደሚገባ በጨለማም ይነግራችኋል፤ ፊደል ግን አይለይም። ይህን የምናውቀው እኔና እናቱ ብቻ ነበርን። የጭነት ወረቀቱን የማነብለት እኔ ነኝ። ፊርማውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እንደ ሥዕል ደጋግሞ ሥሎ ያዘው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ፣ መንገድ ላይ ነኝ እያለ አመለጠ። በዚህ ነገር በጣም ያፍር ነበር።

ለትርኢቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሱቄ መጣ።

«ምን ልጻፍልህ?» አልኩት።

«አብሽር በልልኝ። እናቴ መንገድ ስወጣ የምትለኝ እሷን ነው።»

አብሽር ወሎዬ ሁሉ የሚያውቃት ቃል ናት፤ አይዞህ ማለት ናት። አራት ፊደል። የመኪናው ግንባር ግን ሰፊ ነበር፤ አራት ፊደል ጽፌ ብቀመጥ ግማሹ ባዶ ይቀራል። እኔ ደግሞ ባዶ ቦታ ማየት አልወድም። ሌላ አራት ፊደል ጨመርኩበት። «አብሽር ያልፋል።»

«ምኑ ነው የሚያልፈው?» አለኝ ሳነብለት።

«መኪናህ ነዋ፤ ሐረጎን።»

«ወላሂ ያልፋል!» ብሎ ሳቀ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ያልፋል የሚለውን ስጽፍ ሰሙ መኪናው ነበር፣ ወርቁ ግን ገና ብሩሹን ሳልነክር ታይቶኝ ነበር። ዘመኑ እናት የልጇን ሬሳ አይታ እንዳታለቅስ የተከለከለችበት ዘመን ነው። ማን ነው ያልፋል የሚል ቃል አንብቦ ስለ መኪና የሚያስብ? እኔ አውቄ ጻፍኩት፤ ሙሄ ሳያውቅ ተሸክሞት ሄደ። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ግን ትንሹ ነው።

የትርኢቱ ዕለት ሕዝቡ ከሙሄ መኪና ፊት አልንቀሳቀስ አለ። እያነበቡ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አንዳንዱ ቀስ ብሎ «አብሽር፣ ያልፋል» ይልና ያልፋል። ሁሉም ሙሄን ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «ምን ያለ ቃል አመጣህ» ይለዋል። ሙሄም መኪናውን ያደነቁለት መስሎት ደስ ብሎት ይስቃል። እኔ ቀለም የነካካው እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ከጎኑ ቆሜያለሁ፤ ያየኝም የለም። እናንተ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር? እኔ አልቻልኩም። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ጠጅ ቤት ገብቼ፣ ቃሉ የኔ ነው ብዬ ለሦስት ሰዎች ወርቁን ፈታሁላቸው። ሁሉም ገብቶት ዝም ያለውን ነገር፣ ብልህ ለመባል ብዬ፣ በአፌ ፈታሁላቸው። ከሦስቱ አንዱ የኔን ስም ትቶ ፍቺውን ብቻ ወደ ካድሬ ይዞ ሄደ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ዘመን ደከምኩ፤ አሁን ሳስበው ግን ወሬውን ለሱ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሙሄን ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን እኔ ተጠራሁ። ካድሬው ወጣት ነበር፤ አልጮኸብኝም፣ አልመታኝምም። ቢመታኝ ኖሮ ዛሬ የምይዘው ሰበብ አገኝ ነበር። ወንበር ሰጠኝና፣

«ምንድን ነው የሚያልፈው ስለው መኪናዬ ነው ይለኛል። ቃሉ የማን ነው ስለው የኔ ነው ይላል። አንተ ምን ትላለህ?» አለኝ።

አንዲት ነገር ብቻ ነበር የምትፈለገው። ማንበብ አይችልም ማለት። ሦስት ቃል እንኳ አትሞላም። እሷን ካልኩ ግን ቀጣዩ ጥያቄ ወደ እኔ ይዞራል። ቤት ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿ ገና መሄዷ ነው። እነሱን አሰብኩ እላለሁ ሁልጊዜ። ውሸቴን ነው፤ ያን ሰዓት ያሰብኩት ራሴን ነው። ልጆቼን ያሰብኳቸው ከወጣሁ በኋላ ነው።

«የሱ ነው» አልኩ። «እኔ ያዘዙኝን ነው የምጽፈው።»

«ቃላችሁ ገጥሟል» አለና አስፈረመኝ። ጠጅ ቤት የኔ ነው ያልኩትን ቃል፣ ካድሬው ፊት የሱ ነው አልኩ። ሙሄ የኔ ነው ያለው ፊደል አለማወቁን አፍሮ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ለብዙ ዓመትም በዚያ ማጽናኛ ተኛሁ።

እስካሁን ያልኳችሁን ፍርሃት ልትሉት ትችላላችሁ። ቀጥሎ ያለውን ግን ምን እንደምትሉት አላውቅም።

ሙሄ ደሴ እንደታሰረ ወር ሳይሞላው እናቱ እማማ ዘይነብ ሱቄ መጡ። ቆመው ቆዩ፣ ተቀመጡ ስላቸው እንቢ አሉ።

«ተሾመ ልጄ፣ አቤቱታ ጻፍልኝ» አሉኝ። «ልጄ ፊደል አይለይም ብለህ ጻፍ። አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ አላህም ያውቃል። ያላነበበውን ቃል እንዴት ብለው ይጠይቁታል?»

«እሺ፣ እጽፍልዎታለሁ» አልኩ።

ጻፍኩ። ባማረ የእጅ ጽሕፈት ጻፍኩ። መበለት መሆናቸውን፣ ሌላ ልጅ እንደሌላቸው፣ ሙሄ ለአብዮቱ እህል ማመላለሱን ጻፍኩ። የጠየቁኝን መስመር ግን አልጻፍኩም። ያ መስመር ካድሬው ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ ታዲያ ቃሉ የማን ነው መባሉ አይቀርም ነበርና።

«እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። መጨረሻው ላይ ስደርስ፣ ወረቀቱን በዓይኔ እየተከተልኩ፣ ድምፄን ሳልቀይር፣ «ልጄ ማንበብና መጻፍ የማይችል በመሆኑ» ብዬ ያልተጻፈውን አነበብኩላቸው። እኔ ነኝ ያደረግኩት። ፊደል ለማታውቅ እናት፣ ባዶ ቦታ አነበብኩ።

«እጅህ ይባረክ» አሉኝ። አውራ ጣታቸውን የቀለም ቆርቆሮዬ ውስጥ ነክረው ከታች አሳረፉ። ያ መስመር መግባት በነበረበት ቦታ ላይ አሳረፉት።

አቤቱታው ውድቅ ሆነ። መኪናው ተወስዶ አንድ ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታው ከረመ፤ በየጊዜው አንድ አንድ ዕቃ እየተፈታለት አጥንቱ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ትርኢት ሾፌሮቹ ግንባሩን ባዶ አድርገው መጡ። በዚያ ዓመት ማንም ቃል አላስጻፈኝም። ሽማግሌዎቹም መምጣት ተዉ። እኔ መፈክር መጻፍ ጀመርኩ፤ ከዚያም ወደ ደሴ ወጥቼ ፒያሳ ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። እማማ ዘይነብ በአራተኛው ዓመት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ፤ አፈር ከመለሱት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ሙሄ ሰባት ዓመት ታስሮ ወጣ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱቄ በር ላይ የቆመ ሽማግሌ፣ ከላይ ያለውን ሰሌዳ በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ ያነባል። ቀና ብዬ ሳይ ሙሄ ነው። እኩያዬ ነው ብል የሚያምነኝ ሰው የለም።

«ማንበብ ተማርኩ እኮ» አለኝ። «እዚያ ቤት ጊዜ ሞልቷል።»

አቀፍኩት። ገባና ተቀመጠ። ከኮቱ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ገና ሳይዘረጋው አወቅኩት። ካድሬዎቹ ውድቅ አድርገው ለእናቱ መልሰውላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ተሾመ የጻፈልህ ነው፣ ያዘው ብለው ስንቅ ሥር አድርገው አስገብተውለታል። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋውና ያነብልኝ ጀመር። አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየነካ። እኔ ቆሜ ሰማሁ። የእናቱ የጣት አሻራ ላይ ሲደርስ አቆመ።

«እናቴ፣ ልጄ ማንበብ አይችልም የሚለውን መስመር በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብላ ነው የሞተችው» አለኝ። «እኔ ግን ከተማርኩ ጀምሮ እፈልገዋለሁ፣ አላገኘሁትም። አንተ ታገኘው እንደሁ ብዬ መጣሁ።»

ዓይኔን ከአሻራው ላይ አላነሣሁም። እሱም ብዙ አልጠበቀኝም።

«ቃሉን የኔ ነው ያልኳቸው ልጆችህን አስቤ ነበር» አለ። «እናቴ መጥታ ስትጠይቅህ ግን አንድ መስመር አትነፍገንም ብዬ ነበር።»

ተነሣ። ወረቀቱን እንደተዘረጋ ትቶት በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። ይረግመኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲረግመኝም ፈልጌ ነበር። «አብሽር» አለኝና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ባቲ አክስቱ ዘንድ እንደሄደ ሰማሁ። መሞቱን የሰማሁት ግን ቆይቼ ነው፤ ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም። ሄጄ እግሩ ላይ ለመውደቅ ስንት ዓመት ነበረኝ? ከደሴ ባቲ የግማሽ ቀን መንገድ ናት። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ እሄዳለሁ አልኩ፤ አልሄድኩም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሁለቱም የሉም፤ እናንተ ደግሞ በሰው ፋንታ ይቅር ማለት አትችሉም። ዘመኑ ነው እንዳትሉልኝ ብቻ እለምናችኋለሁ። ያን መስመር ዘመኑ አልዘለለውም፤ እኔ ነኝ የዘለልኩት። ዛሬ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ከፊቴ ዘርግቼዋለሁ። የእማማ ዘይነብ ጣት እንዳይነካ ዝቅ ብዬ፣ በሚንቀጠቀጥ እጄ፣ የጠየቁኝን ጻፍኩላቸው።

ልጄ ማንበብና መጻፍ አይችልም። ቃሉ የጸሐፊው ነው።