ለመድፉ የተቆፈረው ጉድጓድ

ስለ ወንድሜ መድፍ ከማውቀው ጥቂቱ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ የቀረው ከእናቴና ከአንድ ጓዱ የሰማሁት። እናቴ በደገመችው ቁጥር ነገሩ ይለወጥ ነበር፤ የእኔ ትውስታ ከእርሷ ይሻላል ብዬ አልምልም። ዛሬ ላሊበላ፣ ከደጃፌ የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ ሲቆፍሩ እርጥብ አፈር ሸተተኝ፤ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

ልጆች ሳለን፣ ከፍላቂት ከተማ በላይ ባለው ማሳችን ዳር፣ በጭቃ መድፍ እንዋጋ ነበር። ተራርቀን ቆመን አንዳችን የሌላውን መድፍ በድንጋይ እንመታለን። የእኔ ሜዳ ላይ ስለሚቆም ወዲያው ይፈረካከሳል። ወንድሜ ግን ጉድጓድ ምሶ፣ አፈሩን ከፊት ቆልሎ፣ ከኋላ መውጫ ትቶ መድፉን ያስገባዋል። ድንጋዬ ቁልሉ ላይ ይቀራል። በዚያ ጨዋታ ሰው አልነበረም፤ የሚቆጠረው መድፍ ብቻ ነው።

ወንድሜ አድጎ መድፈኛ ሆነ። ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ በመስከረም ይመስለኛል፣ መድፉ እዚያው ማሳችን ላይ ተተከለ። ጉድጓዱ ሰፋ ከማለቱ በቀር ያው የልጅነታችን ነበር። ከጎኑ ለተኳሾቹ መጠለያ ጠባብ ቦይ ሊያስጀምር ሲል አባታችን መጡ። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እሸት ለቤተ ክርስቲያን ሳይሰጥ ማሳ አይነካም።

«ለመድፉ ስትቆፍር ዝም አልሁ» አሉ። «የቀረውን ገብስ እስከ እሑድ ተውልኝ።»

«አባባ፣ ይኼኛው ለሰዎቹ ነው።»

«በልጅነትህ አንድ ጉድጓድ ይበቃህ አልነበር?»

መድፉ ሲተኮስ እንደሚያፈገፍግ፣ ጉድጓዱም ለሁሉም እንደማይበቃ አስረዳቸው። አባታችን ጎንበስ ብለው የተረገጠውን ገብስ ማቃናት ጀመሩ። ጓዱ፣ ከጠላት ይልቅ አባትህን ትፈራለህ ብሎ ቀለደበት። ወንድሜ ሳቀና ዶማውን አስቀመጠ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ከማዶ ተተኮሰ። ጉድጓዱ ያልበቃቸው ወደ ገብሱ ሮጡ። ፍንጣሪውን ቁልሉ ስላስቀረው መድፉን አንዳች አልነካውም፤ በማግሥቱ ሌሎች መጥተው ጎትተው ወሰዱት። ወንድሜን ገብሱ ውስጥ ተደፍቶ አገኘነው። ተኩሱ ፋታ ስላልሰጠ የቀበርነው እሑድ ነው፤ ከእሸቱ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የገባው እርሱ ሆነ።

ከዓመታት በኋላ ማሳውን ሄጄ አየሁት። ጉድጓዱን ጎርፍ ቢሞላውም ቅርጹ አልጠፋም። ከጎኑ ለተጋደመ ሰው የሚበቃ ጠባብ ቦይ አለ። ጓዱ፣ ወንድሜ ዐርብ ማታ ከአባታችን ደብቆ የጀመረው ነው ይላል። እናቴ ደግሞ አባታችን ከቀብር መልስ ብቻቸውን ሲቆፍሩት አየሁ ትል ነበር። እርሳቸው ግን ስጠይቃቸው «ውሃ ያስወጣል» ከማለት በቀር የነገሩኝ የለም። የማን እጅ እንደ ቆፈረው እስካሁን አላረጋገጥሁም።