ላድግበት የገዛሁት ዌትሱት

ፌርፋክስ፣ ሆሊውድ አጠገብ ባለው የሐበሻ ሰፈራችን፣ ሰዎች የምናገረውን ግማሹን ጥለው፣ የቀረውንም አጥበው ነው የሚሰሙኝ። ስለዚህ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ሰርፍ ማድረግ ጀምሬያለሁ፤ ማዕበል ላይ ቆሜ እሄዳለሁ» ስል ምግብ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ክትፎው ራሱ የሳቀ መሰለኝ።

«አንተ?» አለ እንደኔው ታክሲ የሚነዳው ጓደኛዬ። «ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ሚዛኑን የማይጠብቅ ሰውዬ!»

እውነቴን ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ባሕሩ ለብ ብሎ ሳለ፣ በቁምጣ ገብቼ ሰርፍ ቦርድ በሚሉት ሳንቃ ላይ አንዴ ቆሜያለሁ። ያየችኝ ግን አንዲት የባሕር ወፍ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ለምስክርነት አትቀርብም።

«ኦኬ፣ ቅዳሜ መጥተን እናያለን። ካልቆምክ ግን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ዳግመኛ ወሬ የለም፤ በልተህ ትሄዳለህ» አለ ጓደኛዬ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የምግብ ቤቱ ባለቤት ሳይቀሩ «ተስማምቻለሁ» አሉ። እኔን ወሬ መከልከል ማለት አየር መከልከል ነው።

ጊዜው ሚያዝያ ነበር። ስልኬ የባሕሩ ሙቀት አምሳ ስምንት ፋራናይት ነው ይላል። አምሳ ስምንት ሲሆን ደግሞ እኛ ሰፈር ሹራብ ይደረባል እንጂ ሰው አይሞትም። ያም ሆኖ ዌትሱት የሚሉትን የጎማ ልብስ ልገዛ ቶራንስ፣ ባሕሩ አጠገብ ወዳለ ሱቅ ሄድኩ። ሻጯ «ቆዳህ ላይ መጣበቅ አለበት» ብትለኝም አልሰማኋትም። እኛ ቤት ልብስ የሚገዛው ልጁ ሲያድግ እንዲደርስበት ነው፤ እናቴ የገዛችልኝ ኮት እስከ ዛሬ ይሰፋኛል። ደግሞስ እትዬ ፊት ቅርጼን በሙሉ አሳይቼ ልቁም? ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጌ ገዛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ፌርፋክስ አሸዋው ላይ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ገባሁ። ባሕሩ በአንገቴ ገብቶ እግሬ ጋ ተቀመጠ፤ ሌላው ተከተለው። እንደ ስልቻ ተነፋሁ። ቆሞ መሄዱ ይቅርና ቦርዱ ላይ በሆዴ መተኛት አቃተኝ። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሆሊውድ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ስወጣ ከሁለቱ እግሮቼ ጎርፍ ወረደ።

«ጋሼ በርሜል! ውኃ ልትቀዳ ነው እንዴ የገባኸው?» አለ ጓደኛዬ አሸዋው ላይ እየተንከባለለ።

እትዬ ግን ሻርፓቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። «በቃህ ልጄ፣ የሳንባ ምች ይዞህ ይሄዳል። ወሬህንም እንዳሻህ አውራ፤ እኔ ፈቅጄልሃለሁ።»

ከሳቁ ይልቅ ይሄ ቆጠቆጠኝ። በምሕረት የሚወራ ወሬ ምን ጣዕም አለው? «ጠብቁኝ» ብዬ ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

ሻጯ ስታየኝ ሳቋን ዋጠች። «በቆዳህና በጎማው መሀል የምትቀረዋን ትንሽ ውኃ ሰውነትህ ያሞቃታል። ልብሱ ከሰፋ ግን እሷ ትወጣና አዲስ ቀዝቃዛ ይገባል። እስካሁን ፓሲፊክን በሙሉ ለማሞቅ ስትሞክር ነበር ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ በልኬ የሆነውንና ለዚያ ብርድ የሚበቃውን፣ የጎማው ውፍረት ደረቱ ላይ አራት ሚሊሜትር፣ እጅና እግሩ ላይ ሦስት የሆነውን አከራየችኝ።

ለመልበስ ጓደኛዬ ከኋላ ጎተተ፣ እኔ ከፊት ዘለልኩ። «አንተን ከዚህ ውስጥ የሚያወጣህ ቀዶ ሐኪም ነው» አለኝ እያለከለከ። ዚፑ ሲዘጋ ሆዴ ወደ ደረቴ ወጣ፤ ባንዴ ሃያ ዓመት ተቀነሰልኝ።

ውኃው በጀርባዬ ሲገባ ጮኽኩ። ከዚያ ቀስ እያለ ለብ አለ፤ ጣቶቼም ይታዘዙኝ ጀመር። የመጀመሪያው ማዕበል ገለበጠኝ። ሁለተኛው አሸዋ አበላኝ። ቀጣዩ ከኋላ ሲያነሳኝ ቦርዱን በእጆቼ ገፋሁ፣ እግሬን ወደ ፊት ሳብኩ፣ ቆምኩ! የማዕበሉ ቁመት ከጉልበቴ አይበልጥም ነበር፤ ይኼን ስናገር እንኳ ምላሴን ያመኛል። እኔ ግን እላዩ ላይ ሆኜ ጃፓንን ያየሁ መሰለኝ።

የእትዬ እልልታ ሰማዩን ቀደደው። ጓደኛዬ ከነጫማው ውኃ ውስጥ ገብቶ «ቆመ! ቆመ እኮ! እኔ ነኝ ያለበስኩት!» እያለ ለማያውቃቸው ፈረንጆች በአማርኛ ይጮኻል። ልክ ከፊቴ መንገዱን ዘግቶ ነው የቆመው።

«ዞር በል ወንድሜ!» አልኩት ከላይ ሆኜ። «ፍሬን የለኝም!»