የህንዱ አውሬ በአሶሳ ገበያ

አባቴ ቆዳ ፋቂ ነበር። ሽታው ሰው እንዳያስቸግር ቤታችንን ከአሶሳ ገበያ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ሠርቶ ነበር። ህንዱ ወደ እኛ የመጣው የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ እናቴ ዘንድ በገባሁበት በጋ ነው። ከሱዳን በኩል ጨውና ጨርቅ ጭነው ለመጡ ነጋዴዎች ምግብ ያበስል ነበር፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወባ ጣለው። ነጋዴዎቹ መንገዳቸውን መቀጠል ስለነበረባቸው «እስክንመለስ አስጠጋልን» ብለው አባቴን ለመኑት።

አባቴ አስጠጋው፤ እናቴም የማሽላ አጥሚት እያጠጣች አስታመመችው። ሲሻለው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነለትም። ከአባቴ ጋር የሚግባቡት በነጋዴ አረብኛ ነበር፤ የሁለቱም ጎደሎ ነው። አንድ ጠዋት አባቴ የበሬ ቆዳ ሲፍቅ ህንዱ አይቶ ፊቱን አዞረ።

«ምነው፣ ሸተተህ?» አለው አባቴ።

«የላም ዘር ነው፤ በሃይማኖቴ እጄ አይነካውም። የአጋዘን ካለህ ግን ስጠኝ፣ የአገሬን ሥራ ላሳይህ።»

አባቴ ካሉት ሁሉ ሰፊውን አወጣለት። ሰውየው ቆዳውን በችካል ወጥሮ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ፋቀው። ጥቀርሻና ቀይ አፈር በግራር ሙጫ እየለወሰ፣ ከከረጢቱም ሰማያዊ ቀለም እያወጣ መሳል ጀመረ። እኔ ሆዴን ይዤ አጠገቡ ተቀምጬ አይ ነበር። መጀመሪያ የአንበሳ ገላ መጣ፤ ራሱ ላይ ግን የዝሆን ኩምቢ በቀለ። ከበላዩ የሰው ፊት ያለው ክንፋም ወፍ፣ ከእግሩ ሥር ደግሞ አፉ የአዞ የሆነ ዓሣ ተጨመረ።

«እንዲህ ያለ አውሬ አገርህ አለ?» አልኩት።

ሳቀ። «አለ። በጫካ አይደለም፤ በወሬ ነው። የእያንዳንዱ ታሪክ ረጅም ነው፤ ጠይቂኝ፣ እነግርሻለሁ።»

እኔም ነገ እጠይቀዋለሁ እያልኩ አሳደርኩት።

ሥራው ሲያልቅ አባቴ ቤት ውስጥ አላስቀመጠውም፤ «ይህ የሁሉ ዓይን ነው» ብሎ ገበያው ዳር ባሉት ሁለት ዛፎች መካከል ወጠረው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከኋላው ስትመጣ አውሬዎቹ እንደ ፍም በሩ። ወርቅ ሲያጥቡ የዋሉ ሴቶች፣ ማር ይዘው የመጡ ጉሙዞች፣ አህያ ነጂዎች ሁሉ ተሰብስበው ቆሙ። በበርታ ቋንቋ ስም አጣንለትና «ባለኩምቢው አንበሳ» አልነው።

እኛ ፈቂ የምንላቸው የቁርአን አስተማሪያችን ሲሰሙ መጡ። ገበያው ጭጭ አለ። ብዙ ከተመለከቱ በኋላ «ለዚህ የሚሰግድ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ።

«አላህ ይጠብቀን፣ ማንም የለም፤ ያዩታል እንጂ» አለ አባቴ።

«እንግዲያው ፊቱን ወደ መስጊዱ አታዙሩት» ብለው ሄዱ። ዘወር ሲሉ ግን አንድ ጊዜ መለስ ብለው አዩት።

ነጋዴዎቹ ተመልሰው ህንዱን ወሰዱት። ልጄን የወለድኩት እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ሕፃኑ ገና ጡት ላይ ሳለ፣ እኔም ወደ ባሌ ቤት ሳልመለስ፣ ጦር መጣ ተባለ። ሰዉ ባዶ እጁን ወጣ። አባቴ ግን ወደ ገበያው ሮጦ ቆዳውን አወረደና ጠቅልሎ ተሸከመው። እናቴ ጮኸች፦ «አንተ ሰውዬ፣ እህል ጥለህ ይህን? ልጅህና የልጅ ልጅህ ይህን ሊበሉ ነው?»

በሸሸንበት ኮረብታ ሣሩና ቀርከሃው ገና ተቃጥሎ ነበር። የቀርከሃው ጉቶ እንደ ቢላ ይቆርጣል፤ መሬቱ ይፋጃል። እኔና እናቴ ጫማ አላደረግንም፤ ልጄን እንዳዘልኩ እግሬ ተሰንጥቆ መራመድ አቃተኝ። አባቴ አይቶ ተቀመጠና ጥቅሉን ፈታ። መጀመሪያ ሥዕል የሌለበትን ጠርዝ ቆረጠ፤ አልበቃም። ከዚያ ዓሣውን፣ ከዚያ አንበሳውን። ቆዳው ስስ ስለሆነ ደራርቦ ጫማ ሰፋልን። የወፉ ክንፍ ለእኔ ደረሰ።

«አባዬ፣ ተወው፤ እችላለሁ» አልኩት።

«አትችይም» አለኝ። ቢላውን ሲያንቀሳቅስ ፊቴን ወደ ልጄ አዞርኩ።

ጫማው ኮረብታውን አሻገረን። ወዲያው ተበጣጥሶ አለቀና መንገድ ላይ ጣልነው።

አገር ሲረጋ ተመለስን። ቤታችን ተቃጥሏል፤ ከብት የሚባል የለም። ገበያው እንደገና ሲቆም ሰው ሁሉ አባቴን «ባለኩምቢው የት ደረሰ?» ይለው ነበር። «መንገድ ላይ ቀረ» ይላል።

ከዚያ በኋላ ከመጡት የመጀመሪያ ነጋዴዎች ጋር ህንዱም ተመለሰ። አባቴ ሀፍረት ይዞት ከጎጆ አልወጣ አለ፤ የሆነውን የነገረችው እናቴ ናት። ሰውየው አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ ገባና ከአባቴ ጎን ተቀመጠ።

«ቆዳ ስጠኝ፣ ሌላ እስላለሁ። የፍየልም ቢሆን ይሆናል።»

ቤት ውስጥ አንድ የፍየል ቆዳ ነበረ፤ አባቴ በእህል ሊለውጠው ያስቀመጠው ነው። ወደ እናቴ አየ፤ እናቴ ወደ ልጄ አየች። «የለኝም፤ ለከርሞ አዘጋጅልሃለሁ» አለው።

በዓመቱ ነጋዴዎቹ መጡ፤ እሱ ግን አልነበረም። በባሕር በኩል ወደ አገሩ ተሳፈረ የሚል አለ፤ መንገድ ላይ ሞተ የሚልም አለ።

አባቴ እስኪሞት ድረስ የሚያወራው ስለ ጦሩም ስለ ተቃጠለው ቤትም አልነበረም። «ያችን የፍየል ቆዳ ብሰጠው ኖሮ» ይል ነበር። «በተራበ ልጅ ፊት እንዴት ትሰጣለህ?» ትለዋለች እናቴ። «እሱም እውነት ነው» ይላታል፤ በማግስቱ ግን መልሶ ያነሳዋል። አንድ ጊዜ ራሱ ለመሳል ሞክሮ የወጣለት ግመል የመሰለ ነገር ነበር፤ ተሳሳቅን፣ እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ቀለም አልነካም።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። አሁን የልጅ ልጆቼ ያ ወፍ ለምን የሰው ፊት እንደነበረው፣ ዓሣው ለምን የአዞ አፍ እንደነበረው ይጠይቁኛል። ህንዱ ጠይቂኝ ብሎኝ ነበር። የማውቀው መልኩን ብቻ ነው፤ ክንፉ ሰማያዊ ነበር እላቸዋለሁ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ቀላ ይላል።