ለአውሮፕላን እጄን ያውለበለብኩ ቀን

ከተማ ውስጥ ባህል አዳራሽ የሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ካለፈ፣ ዛሬም ጉንጬን ያቃጥለኛል።

አባቴ ከከተማው ወጣ ብላ ሐይቅ ዳር ባለችው ቡሹሎ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነበር። በደርግ ጊዜ አየር ኃይል ገብቶ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሰሜን ሲዋጋ ቆየ። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነና ተመልሶ የአያቴን መሬት ያርስ ጀመር። ስለ ጦርነቱ አውርቶን አያውቅም።

ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዝናብ ባባራበት ጠዋት በቆሎ ስንኮተኩት፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በሐይቁ በኩል ብቅ አለች። ሥራዬን ትቼ ወደ ገላጣው ሮጥኩና ሁለት እጄን እያውለበለብኩ ጮህኩላት።

አባቴ መቼ እንደደረሰ አላየሁም። በጥፊ ሲያጮለኝ ጭቃው ላይ ተደፋሁ፤ አፌን ደም ደም አለኝ።

"ልጅቷ ምን አጠፋች?" አለች እናቴ እየሮጠች መጥታ።

እሱ እኛን አላየንም። አውሮፕላኗን በዓይኑ እየተከተለ፣ "እዚያም ልጆች እንዲህ እጃቸውን ያውለበልቡልን ነበር" አለ።

መመታቴን ረስቼ ደስ አለኝ። "እናንተስ አባዬ? ምን አደረጋችሁላቸው?"

እናቴ አፌን በእጇ ከደነችው። አባቴ ወደ በቆሎው ተመለሰ።

መልሱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴም ከሞተ ቆይቷል። እስካሁን የማይለቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ቀን አባቴ እስኪመሽ ኮተኮተ፤ እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ፤ ከዚያም ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።