ብርድ የሚገባበት ቀዳዳ

እኔ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቁጭ ብዬ የምጨርስ ሰው አይደለሁም። ግማሹን ጠጥቼ እነሳለሁ፤ ምድጃው መጥፋቱን አያለሁ፣ በሩን ገፋ አደርጋለሁ፣ ተመልሼ ስቀመጥ ሻዩ ቀዝቅዟል። ባለቤቴ «ዘበኛ ሆነሽ ነው የምትኖሪው፤ ቢያንስ ደሞዝ ጠይቂ» ይለኛል። ልጄ ደግሞ ከስልኳ ቀና ሳትል «ማሚ፣ ሪላክስ» ትለኛለች። የእኔ መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን መኖር ከጀመረች ወዲህ ይሄ ጠባዬ ባሰበት። እዚህ ካናዳ፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን አሮጌ ነው፤ ደረጃው ይንቋቋል፣ መስኮቶቹ ያፏጫሉ። እናቴ የምትተኛው ፎቅ ላይ ከልጄ ጋር ነው፤ የምትጸልየው ግን ከሳሎኑ ስር ባለው ምድር ቤት ነው። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ሁሉ በሙሉ ድምጿ ነው የምትጸልየው፤ እያጨበጨበች፣ እየተመላለሰች፣ የእያንዳንዳችንን ስም እየጠራች። ልጅቷን እንዳትቀሰቅስ ብላ ማለዳ ማለዳ ትወርዳለች፤ በሩን ከኋላዋ ትዘጋለች፤ ከፈርነሱ አጠገብ ምንጣፏን አንጥፋ ትንበረከካለች። ፈርነስ የምንለው ቤቱን በሙሉ የሚያሞቀውን የጋዝ ማሞቂያ ነው። የእኛው በጣም አርጅቶ ስለነበር በረዶ ሳይመጣ ልናስቀይረው አስበን ነበር።

በዚያው ሰሞን ቤቱን ለብርዱ ማዘጋጀት ጀመርኩ። መስኮቶቹን በፕላስቲክ ሸፈንኩ፣ ጠርዛቸውን በቴፕ ለጠፍኩ፣ የበሮቹን ስር ደፈንኩ። እናቴ እግር በእግር እየተከተለች ቴፕ ታቀብለኝ ነበር፤ ደስታዋን ልነግራችሁ አልችልም። ንፋስ ሰው እንደሚገድል የገባው ሰው ካናዳ ውስጥ ያገኘችው ገና ያኔ ነበር። ያደግነው ታክሲ ውስጥ ላብ እያጠመቀን እንኳ መስኮት በከፈተ ሰው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ የሚጮህበት ከተማ ነው። ራስ ምታቱም፣ ቁርጥማቱም፣ የወገብ ሕመሙም «ብርድ ነው» ይባላል፣ ያበቃል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ከምድር ቤት ስትወጣ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ አየኋት። ፊቷ ቀልቷል። «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ምንም። ጾም ላይ አይደለሁ?» አለችኝ። እውነትም ቤተ ክርስቲያናችን የጾም ጸሎት አውጆ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሻሹን ፈታችና ሽንኩርት እየከተፈች መሳቅ ጀመረች። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። እሑድ፣ ሳትወርድ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን የሄድን ቀን ግን ምንም አልነበረባትም።

እኔ ኖርዝ ዮርክ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የማታ ፈረቃ ነው የምሠራው፤ ሥራዬ የሰው እናት ደህና መሆኗን ማየት ነው። የራሴን እናት ግፊት ለካሁ፤ ደህና ነው። ውሃ አጠጣኋት። «ራስሽን ያምሻል እንዴ?» እላታለሁ፤ «ኧረ ደህና ነኝ» ትላለች። ምድር ቤት ወርጄ ዞር ዞር አልኩ፤ ትንሿ መስኮት በውስጥ በኩል አልቧታል፣ አየሩ ታፍኗል፤ ሌላ ምንም አልታየኝም። ባለቤቴ ዕድሜ ነው አለ። እናቴ ደግሞ ምርር ብላ፣ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እባክሽ አትፍሪብኝ» አለችኝ። እኔ ግን መፍራቴን አልተውኩም።

አዲሱን ፈርነስ የሚገጥምልን ፈቃድ ያለው የጋዝ ቴክኒሻን፣ አበሻ፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ቤቱን ሊያይ አንድ ረፋድ ላይ መጣ። እናቴ ጸሎቷን ጨርሳ ሶፋ ላይ ጋደም ብላለች፤ ሻሹ ግንባሯ ላይ ነው። ሰውዬው የምድር ቤቱን በር ከፍቶ ትንሽ ወረድ እንዳለ ቀበቶው ላይ የሰካው መለኪያ መጮህ ጀመረ። መለኪያውን አየና ወዲያው ተመልሶ ወጣ።

«እህት፣ ቤት ውስጥ ማን ማን አለ?»

«እኔና እናቴ ብቻ።»

«አሁኑኑ ውጡ። ጃኬት አትፈልጉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ የሚገድል ጋዝ ነው፤ ሌቭሉ ሃይ ነው።»

እናቴ በነጠላ ጫማ፣ በስስ ቀሚስ፣ «በዚህ ብርድ? ይመታኛል እኮ!» እያለች ታገለችኝ። እየጎተትኩ አወጣኋት። ሹራቤን አውልቄ አለበስኳት። ሰውዬው በሩን ብርግድ አድርጎ ከፈተ፣ ውጪ ካለው ቆጣሪ ላይ ጋዙን ዘጋ፣ ከዚያ እሳት አደጋና አምቡላንስ ጠራ።

የእሳት አደጋ ሰዎች ቤቱን አናፍሰው መግባት ይቻላል ካሉ በኋላ ምክንያቱን ያገኘው ቴክኒሻኑ ነው። እኔ አምቡላንስ ውስጥ ነበርኩ፤ ፎቶውን በስልኬ ላከልኝ። ከውጪ ግድግዳ ተነስቶ ፈርነሱ አጠገብ ወለሉ ድረስ የሚወርድ ወፍራም ቱቦ ነበረን፤ ቀዝቃዛ አየር ይነፍስበታል። አፉ በተጣጠፈ ብርድ ልብስ ተጠቅጥቋል፤ በላዩ ላይ የእኔው የመስኮት ቴፕ ዙሪያውን በጥንቃቄ ተለጥፏል። ቀጥሎ ደወለልኝ።

«ይሄ ቀዳዳ ተረስቶ የተተወ አይደለም» አለኝ። «ፈርነሱም የሙቅ ውሃ ታንኩም የሚነዱት በዚህ በሚገባው አየር ነው። ቤቱም ታሽጓል፣ ይሄም ተደፈነ፤ በጭስ ማውጫው መውጣት ያለበት ጋዝ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ሽታ የለው፣ አይታይ። ፈርነሱ ላይ የእገዳ ቀይ ታግ ለጥፌበታለሁ፤ ማንም እንዳይከፍተው።»

ለዚህ ጋዝ የሚጮህ ማንቂያ ደወል ነበረን፤ ግን መኝታ ክፍሎቹ ጋ፣ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ደግሞ ድምጿ እንዳይሰማ የምድር ቤቱን በር ትዘጋለች።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላት። ሐኪሟ «በጊዜ ነው የመጣችው» አለች። ከሰዓታት በኋላ ጭንብሉን ሲያነሱላት መጀመሪያ የጠየቀችው ልጅቷ ምሳ መብላቷን ነበር። ፎቶውን አሳየኋት።

«እኔ ነኝ የደፈንኩት» አለች። «አንቺ መስኮቱን ስትደፍኚ ይሄን የረሳሽው መሰለኝ። ስጸልይ ጀርባዬ ላይ ነው የሚነፍሰው። ራሴን ሲያመኝ ከዚያ የሚገባው ብርድ ነው አልኩ። ሲብስብኝ ጨርቅ ጨመርኩበት።»

«ሲያምሽ ለምን አልነገርሽኝም? ስንቴ ጠየቅኩሽ?»

«ላንቺ ይነገራል እንዴ?» አለችኝ በደከመ ድምፅ። «ደህና ነኝ ስልሽ እንኳ እንቅልፍ የለሽ።»

ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ተናድጄ ነው ያለቀስኩት፤ በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። በቤታችን ያንን ሁሉ ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሕመሟን የደበቀችውም ከእኔ ነው።

አዲሱ ፈርነስ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተገጠመ፤ የውሃ ታንኩም አብሮ ተቀየረ። አሁን ነጫጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች የቤቱን ጎን በስተው ይወጣሉ፤ አንዱ አየር ያስገባል፣ ሌላው የተቃጠለውን ያስወጣል። ቴክኒሻኑ እናቴን ኮቷን አስለብሶ ውጪ ድረስ ወሰዳት።

«እማማ፣ ይሄ አፍንጫው ነው። አፍንጫ አይደፈንም።»

«እሺ ልጄ። ብርድ ቢገባስ?»

«የሚገባው ማሽኑ ውስጥ ነው፤ እርስዎ ጋ አይደርስም።»

ለእኔ ደግሞ ማጣሪያውን እንዴት እንደምቀይር፣ በረዶ ሲወርድ የቱቦዎቹን አፍ እንዴት እንደምጠርግ አሳየኝ፤ በየወለሉ ማንቂያ ደወል እንድንሰቅል አደረገን። አንዱ እናቴ ከምትንበረከክበት አጠገብ ነው። አየሩን እራሱ በመለኪያው ለክቶ፣ ምንም እንደሌለ አሳይቶኝ ነው የሄደው።

አመንኩት። ግን እኔ ነኝና ማመኔ እግሬን አላሰረውም። ያን ክረምት በረዶ ገና መሬት ሳይነካ አካፋ ይዤ ቱቦዎቹ ጋ እቆማለሁ። ጎረቤቴ በመስኮቷ እያየች ትስቃለች። እናቴ ወደ ምድር ቤቷ ተመልሳለች፤ ሳሎን ጸልዪ ብዬ ብለምናትም እምቢ አለች። ስለዚህ ማለዳ ተነስቼ ኩሽና እቆማለሁ። ድምጿ ከወለሉ ስር ይመጣል፤ የወንድሞቼን ስም ትጠራለች፣ የልጄን፣ የባሌን፣ የእኔን። ድምጿ እስካለ ሰሃን አጥባለሁ። ዝም ካለች የያዝኩትን ጥዬ ደረጃውን እወርዳለሁ፤ አንገቷን ደፍታ አገኛታለሁ ወይ መሐረብ ስትፈልግ። «ምን ፈለግሽ?» ትለኛለች። «ልብስ ላጥብ ብዬ» እላለሁ፣ የታጠበ ልብስ ታቅፌ።

ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ድምጿ ሻከረ፤ ጉሮሮዋ ተዘጋ። የማር ሻይ እያፈላሁ ሰጠኋት፤ አልተሻላትም። አንድ ጠዋት ደግሞ ድንገት ዝም አለች። አንድ እግሬ ባዶውን ነበር የወረድኩት። ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ውሃ እየጠጣች ነው።

«እማዬ፣ ጉሮሮሽ እኮ ሊበጠስ ነው» አልኳት፣ ገና ትንፋሼ ሳይመለስ። «ቀስ ብለሽ ጸልዪ። ጌታ በሹክሹክታ አይሰማም እንዴ?»

«እሱማ ይሰማል» አለች፤ ብርጭቆውን አጠገቧ አስቀመጠች። «የምጮኸው አንቺ እንድትሰሚኝ ነው። አሁን ውጪ፤ ልጀምር ነው።»