ለኢላንጎ የተቀዳው መርፌ

ቴንሞሊ ማዱራይ ከተማ ባለ ሆስፒታል፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ሆና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አንጎላቸው ሞቶ በመሣሪያ የሚተነፍሱትን፣ ቤተሰብ ከፈቀደ፣ አካላቸው ለሌላ በሽተኛ እስኪወሰድ ድረስ የምታስታምመው እሷ ናት። ባሏ «አንቺ እኮ አንድ ቀን እንኳ ዳነልኝ ብለሽ ገብተሽ አታውቂም» እያለ ይቀልድባታል።

በዚያ ዓርብ የተኛው ኢላንጎ የሚባል፣ ከሞተር ብስክሌት የወደቀ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር። ሐኪሞቹ በስድስት ሰዓት ልዩነት ሁለቴ መርምረው አንጎሉ መሞቱን አረጋግጠዋል። እናቱ ፔቺያማል ግን በአገሩ ልማድ ክፉ ዕድል ያመጣል የሚባለው የዓርብ ረፋድ ሰዓት ሳያልፍ የአካል ልገሳውን ፈቃድ አልፈርምም ብለው እስከ ቀትር አስጠበቋቸው። አንጎል ሲሞት ሰውነት በራሱ ላይ ይነሣል፤ ሳንባው መቆጣት ጀምሮ ነበር። እንደ ፈረሙ ቴንሞሊ ቁጣውን የሚያበርደውን መድኃኒት ቀዳች።

የኢላንጎ አጎት መርፌውን አዩ።

«ሞቷል አላላችሁም? ለሬሳ መድኃኒት የሚሰጠው የት አገር ነው?»

«ሳንባውን ለምትወስደው በሽተኛ ብለን ነው፣ ጋሼ። ካልበረደ ይበላሻል።»

«እንግዲህ ሬሳም ታካሚ ሆነ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ፔቺያማል የልጃቸውን እጅ ይዘዋል። «ቀስ አድርገሽ ውጊው፣ ልጄ» አሉ። «መርፌ ይፈራል። ሲነቃ እኔን ነው የሚቆጣኝ።»

የቴንሞሊ እጅ ቆመ። ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ምስክር አለ፣ ማንም አይጠይቃትም። ግን ልጃቸው የሚነቃ የሚመስላቸው እናት የፈቀዱት ምኑን ነው?

ስልኳ ጮኸ፤ የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ነበር።

«ሰጠሽው፣ ሲስተር?»

«ገና ነኝ።»

«ገና? ልጅቷ እዚህ ትንፋሽ አጥሯት እየጠበቀች! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እናቱን።»

መርፌውን ትሪው ላይ መልሳ ወንበር ሳበችና ጉልበቷ የፔቺያማልን ጉልበት እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ኢላንጎ አይነቃም።»

ፔቺያማል ከፍ ዝቅ የሚለውን ደረት በአገጫቸው አሳዩዋት። «ይኸው ይተነፍሳል አይደል እንዴ?»

«የሚተነፍስለት መሣሪያው ነው።»

ሴትዮዋ እጁን አልለቀቁም። ቴንሞሊ ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥታ እንደገና ማስረዳት ጀመረች። መርፌው ትሪው ላይ እንዳለ፣ መሣሪያው ላይ የኦክስጅኑ ቁጥር በአንድ ወረደ።