ረዳት የሌላት ተማሪ

ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተሯ» ይላታል። ገና ለሁለተኛ ዲግሪ መግባቷ ነው እንጂ ዶክተርነቱ የት አለና! ስሙን ያወጣላት ወንድሟ ነው። ብየዳ ቤቱ መንገድ ዳር ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ሰላም ባለው ቁጥር የዓይን መከላከያውን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «የዶክተሯን ነገር ሰማችሁ? ገባችልኝ እኮ» ማለት ነው። ሰዉ በር ሊያሠራ መጥቶ የእህቱን የፈተና ውጤት ሰምቶ ይመለሳል። እሷ ደግሞ በዚያ በኩል ማለፉን ትታ በጓሮ መንገድ መዞር ጀምራለች።

እናትና አባታቸው የሞቱት በልጅነቷ ነው። ያሳደጋት እሱ ነው፤ በብዙ ስለሚበልጣት «ወንድምጋሼ» ነው የምትለው። አግባ ሲሉት «ዶክተሯ ትመረቅና» እያለ ጎረምሳነቱ አለፈ። በመጀመሪያ ዲግሪዋ ጊዜ አንዱን የብየዳ ማሽን ሸጦላታል። አሁንም መግባቷን ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዓይኑ ወደ ቀረችው ማሽን ሄደ። አየችው። አይ፣ ዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ገንዘብ አለው፣ አመለክታለሁ አለችው። ደግ አደረገች። እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድባትም።

ጣጣው የመጣው ማመልከቻው ላይ ነው። ድጋፉ የሚሰጠው አቅም ለሌለው አዲስ ተማሪ ነው፤ የትምህርቱን ክፍያና የመኖሪያውን ይችላል። ባለፈው ዓመት ያገኘች አንዲት ተማሪ፣ ሰው አለኝ ካልሽ አለቀልሽ፣ ወንድም ያለውን ወንድሙ ይክፈልለት ነው የሚሉት ብላ መከረቻት። እሷም «የሚረዳዎት ቤተሰብ» የሚለው ላይ «የለኝም» ብላ ጻፈች። ለአስቸኳይ ጊዜ የሚደወልለት ሰው ሲሏት የወንድሟን ስልክ ሰጠች፤ ከሱ ሌላ የማን ስልክ አላትና! ዝምድና በሚለው ቦታ ግን «ጎረቤት» አለች።

ማሽኑን እንዳይሸጥብኝ ብዬ ነው ትላለች ለራሷ። እሺ፣ ይሁንላት፣ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሌላ ነው። አብረዋት ፈተና የተቀመጡት ልጆች አባቴ ዳኛ፣ አጎቴ ሐኪም ሲባባሉ እሷ ወሬ ትቀይር ነበር። እጁ የጠቆረ፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ ወንድም አለኝ ማለት አሳፍሯታል። «ጎረቤት» ብላ ስትጽፍ እንዲያውም ቀለል አላት። በኋላ እንቅልፍ የነሳት ይኸው መቅለሉ ነው።

ድጋፉ ተፈቀደላት። ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ታገደ። ለካ የድጋፍ ክፍሉ ሠራተኛ ሊያጣራ ደውሎ ኖሯል። ወንድምጋሼ ስልኩን ያነሳው ብረት እየቆረጠ ነው። እገሊትን ያውቋታል ወይ፣ የሚረዳት ሰው የላትም የሚባለውስ እውነት ነው ወይ ተባለ። ደሙ ፈላ። ሰውየው እህቱን ባለቤት የሌላት ሊያደርጋት የተነሳ መሰለው። እኔ እያለሁ ምን ጎድሎባት፣ ለመሆኑ ይህን የሚያወራው ማነው ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። ወንድሟ ነኝ ለማለት እንኳ ቁጣው ፋታ አልሰጠውም። ቤት ገብቶ ሲነግራት ልክ ልኩን ነገርኩት እያለ ደረቱን ነፍቶ ነው። እሷ ክው አለች።

በማግስቱ ቢሮ ተጠራች። ሰውየውን ይዘሽ ነይ፣ እንደማይረዳሽ ይፈርም፣ አለዚያ ይሰረዛል አሏት። ከተሰረዘ ወይ ትምህርቱ ይቀራል ወይ ማሽኑ ይሸጣል፤ ማሽኑ ከተሸጠ ደግሞ ብየዳ ቤት የሚባል ነገር የለም።

ለወንድሟ የነገረችው ሩቡን ነው። አንተ አለህልኝ ብለው ሊከለክሉኝ ነው፣ አልረዳትም ብለህ ፈርምልኝ አለችው። አንገቱን ደፋና፣ አይ የኔ አፍ፣ እኔው ነኝ ያበላሸሁብሽ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። ይቅርታ ጠያቂው እሱ ሆኖ አረፈው! ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። በታክሲ ውስጥም አፏን ስትከፍት ስትዘጋ ደረሱ። ለቢሮው ክብር ብሎ ሰርግ ሲጠራ የሚለብሳትን ኮት ለብሷል፤ እጁን በሳሙና ቢፈትግ ቢፈትግ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር አልለቅ ብሎታል።

ሠራተኛው ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል ጀመረ።

«በስልክ የተቆጡኝ እርስዎ ነዎት?»

ወንድምጋሼ እሱ መሆኑን ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ።

«እዚህ ላይ ጎረቤት ነው የሚለው። አነጋገርዎ ግን የጎረቤት አልነበረም። ምኗ ነዎት?»

ወንድምጋሼ ወደ እሷ ዞረ። አልተቆጣም። በትክክል ሰምቼ ይሆን ብሎ እንደሚያጣራ ሰው ነው ያያት። እሷ ጫማዋን ታያለች። «ወንድሜ ነው» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ግን ዝም አለች። ዝምታዋ ለሱ በቂ መልስ ነበር።

«ጎረቤቷ ነኝ» አለ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ‹እኔ እያለሁ ምን ጎድሎባት› ምንድነው?»

«ጉራ ነው ጌታዬ። ጉራ እወዳለሁ። ልጅቷ ማንም የላትም፤ እኔም ምንም ሰጥቻት አላውቅም።»

ሠራተኛው ወረቀት ገፋ አደረገለት። ለዚህች ተማሪ ምንም ዓይነት ድጋፍ አድርጌ አላውቅም፣ ወደፊትም አላደርግም ይላል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው አነበበና ፈረመ። ሠራተኛው ማኅተም መታበት፣ እገዳው መነሳቱን ነገራትና እንኳን ደስ አለሽ አላት።

ከቢሮው ወጥተው ግቢውን ሲያቋርጡ ወንድምጋሼ ራቅ ብሎ ነበር የሚራመደው። ቆማ ብትጠብቀው እሱም ቆመ። ወንድምጋሼ ብላ ልትጠራው ፈለገች፣ አቃታት። እያለቀሰች ነበር፤ እሱ እንዳላየ ሆነ።

መታወቂያቸውን ያስያዙት በር ላይ ካለው ጥበቃ ዘንድ ነው። ሽማግሌው ጥበቃ ሁለቱን ተራ በተራ አየና ፈገግ አለ።

«መቼም ወንድምና እህት መሆን አለባችሁ፤ አፍንጫችሁ ቁርጥ አንድ ነው።»

ወንድምጋሼ ወደ እሷ ዞረ። እሷን ጠበቀ።

«ወንድሜ ነው!» አለች፣ መንገደኛው ዞር ብሎ እስኪያያት ጮክ ብላ። ለበር ጥበቃ መናገር ምን ያስከፍላል?

እሱ መታወቂያውን ተቀበለ። ወደ ቢሮው መስኮት መለስ ብሎ አየና ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«ቀስ በይ» አላት፤ «ይሰሙሻል።»